ጉም በትምህርት ቤቱ በር

መካነ ሰላም
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሚራ፣ ባሕር ማዶ፣ ማስካት፤

ፈጣሪ እንቅልፍሽን ከክፉ ህልም፣ እጅሽን ከድካም ይጠብቅልሽ። የእናትሽ፣ የሟች እህቴ የሐረግ ዱዓ ካለሽበት ይድረስ። እኛ ደህና ነን። የበልጉ ዝናብ ሳይቆም ከክረምቱ ጋር ሊገናኝ ነው መሰለኝ፤ ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ከተማውን ይውጠውና እስከ ረፋድ ድረስ ቤቱም ሰውም ተንሳፍፎ የቆመ ይመስላል።

ስልኩ እንደ ልብ አልሠራ ካለ ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ እንደገና ለመድኩ። ይህችን ወረቀት ወንድምሽ ረመዳን ነገ በሚኒባሱ ደሴ ይዟት ይወርዳል። እዚያ ጓደኛሽ ፊርደውስ በፎቶ ኮፒ ቤቷ በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች። ያንቺንም መልስ አትማ ለረመዳን ትሰጠዋለች፣ እሱም እቤቴ ድረስ ያመጣልኛል። እንደ ድሮው በሙጫ የሚታሸግ ነገር የለም። ስለዚህ ማንም ቢያነበው የማላፍርበትን ብቻ ነው የምጽፍልሽ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማየት ሆኗል። ቤቴ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት መሆኑን አትረሺውም፤ አንቺንም ረመዳንንም ፊደል ያስቆጠርኩት እዚያው ነው። ያኔ በሩ ላይ የሚቆም ቢኖር የበግ ነጋዴ ነበር። አሁን ግን ሚኒባሱ ተደርድሮ፣ ባጃጁ በመሃሉ ተሰክቶ፣ የጭነት መኪናው ደግሞ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ ይመጣል። መናኸሪያው ታች ባዶውን ተቀምጧል። ገበያተኛው የሚወጣው በዚህ በኩል ነውና ሾፌሮቹ የሚጭኑት ከበሩ ፊት ነው። ልጅ ከሁለት መኪና መሃል ብቅ ሲል የሚያየው የለም። በብስክሌት የሚመጡት ተለቅ ያሉት ተማሪዎች እንኳ ወርደው እየገፉ ነው የሚያልፉት።

ስለዚህ እኔና ባለሱቁ ጎረቤቴ ጀብሪል ሌሎችንም ወላጆች ይዘን ማዘጋጃ ቤት አመልክተናል። መኪኖቹ ወደ መናኸሪያው ይግቡልን፤ ከበሩ በላይና በታች ፍጥነት የሚቀንስ ጉብታ ይሠራልን፤ ልጆቹ የሚሻገሩበት ዜብራ ይቀባልን ነው ያልነው። ከመሄዳችን በፊት ጀብሪል ቤት ተሰብስበን ዱዓ አደረግን። እኔም በሆዴ አባታችን ሆይ ደገምኩ። የሁለታችን ጸሎት እዚያው ጣሪያ ላይ ሳይገናኝ አልቀረም።

ባለፈው ሰሞን መንገዱ ወንዝ ሆኖ በህልሜ አየሁት። ድምፅ የለውም፣ እንደ ሐር ይፈሳል። ልጆቹ ወዲያ ማዶ ቆመዋል። ስም እጠራለሁ፤ አቤት፣ አቤት ይሉኛል፤ የሚሻገር ግን የለም። ህልም እንደ ፈቺው ነውና አንቺ ፍቺልኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እናንተ ዘንድ እግረኛ እንዴት ነው የሚሻገረው? ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ለማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች አሳያቸዋለሁ።

የረገጥሽው መሬት ይለስልስልሽ።
አክስትሽ ሰብሌ


ማስካት
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብሌ፤

ጉልበትዎን ስሜ ነው የምጀምረው። አላህ እድሜዎን ከጤና ጋር ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ የቤቱ ሰው ሁሉ ተኝቶ ባለበት ቀትር ላይ ነበር። እዚህ ሙቀቱ ሰውን ያፈዛል፤ ቀትር ላይ ከተማው በሙሉ ዓይኑን ይከድናል። ስለ ጉሙ የጻፉትን ሳነብ ክንዴን ብርድ ብርድ አለኝ፣ ወላሂ።

ኡሚ የምላቸው የማዳሜ እናት አሁን ጭራሽ መራመድ ትተዋል። ሙቀቱ በረድ ሲል ባለጎማ ወንበራቸውን እየገፋሁ ባሕር ዳር እወስዳቸዋለሁ። በመሃል አንድ ሰፊ መንገድ አለ። መኪናው ሲያልፍ ንፋሱ ሻርፕ ይወስዳል። ስንሻገር እኔ ወንበሩን ጨብጬ እሮጣለሁ፤ ኡሚ ግን በትራቸውን ወደ ላይ አንስተው ልክ እንደ ንግሥት መኪናውን ያስቆሙታል። መብራት ያለበት መሻገሪያ ትንሽ ራቅ ይላል። ፎቶውን አንስቼ ልኬያለሁ። የቤቱ ሾፌር እንደነገረኝ ያም ቢሆን በልመና ነው የመጣው፤ አንድ አትክልተኛ ተገጭቶ ከሞተ በኋላ ሰፈርተኛው ጮኾ ያስተከለው ነው። በየአገሩ መንገድ የሚታየው ሰው ከወደቀ በኋላ ነው ማለት ነው።

ህልምዎን እንዴት ልፍታው? እናቴ ወንዝ ሲሳይ ነው ትል ነበር። እኔም ሲሳይ ይሁንልን ብያለሁ። እኔ ደግሞ አገሬ ገብቼ ወደ ቤታችን ስሄድ አያለሁ። በሩ እየታየኝ እሄዳለሁ፣ እሄዳለሁ፤ ቤቱ ግን እንደ ጀልባ ቀስ እያለ ይርቀኛል። ስነቃ እግሬ ደክሞ አገኘዋለሁ።

ረመዳን ከደሴ ሲደውል ደስ ብሎት ነው የሚያወራኝ። በበሩ ላይ ከተሰለፈ ወዲህ ሳይሞላ የሄደበት ቀን የለም አለኝ። እትዬ፣ ያመለከታችሁባቸው መኪኖች ውስጥ የእሱም አለበት እንዴ? ባልጠይቅዎት ይሻል ነበር፤ ከጠየቅሁ ግን ጠየቅሁ። ያ የገዛሁለት ሚኒባስ ለእኔ ቆርቆሮ አይደለም። ወጣትነቴ ነው ጎማ ተገጥሞለት የሚሄደው።

ሌላው ነገር የደስታ ነው። ረመዳን የጨርቅ ነጋዴውን ልጅ ፈርሂያን ወዷታል። እናታችን በሌለችበት እናቱ አንቱ ነዎት። ሽማግሌ መርጠው እንዲልኩለት እለምንዎታለሁ፤ ቤተሰቧ አንቱ ያሉበትን ነገር እንደማይገፋ አውቃለሁ። ይህን ለሌላ ሰው አልሰጥም።

አላህ በደግ ያገናኘን።
ልጅዎ አሚራ


መካነ ሰላም
ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሚራ ልጄ፤

ፈጣሪ ጥላ ይሁንሽ። መልሴ ስለቆየብሽ አትቀየሚኝ። ክረምቱ በርትቷል፤ መንገዱ እየተቆረጠ መኪናውም እንደ ልብ አይወጣም አይወርድም። መስመሩ ተጣሞ ካየሽው ተጋድሜ ስለምጽፍ ነው። ዝናብ ሰውን ያስተኛል። ጉልበቴንም ትንሽ ብርድ መትቶኛል፤ አብሽሪ፣ የሚያሳስብ አይደለም።

ፎቶውን ጀብሪል ከሌሎች ወላጆች ጋር ይዞት ሄዷል። የመንገዱን ጉዳይ የሚያየው አቶ ይሄነው የሚባል ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀምጦ አነጋገራቸው። ፎቶውን አይቶ ጥሩ ነው አለ። ከዚያ መዝገብ አውጥቶ አገላበጠና በዚያ በር ላይ የደረሰ አደጋ እንደሌለ ነገራቸው። በጀቱ ትንሽ፣ ጠያቂው ብዙ ስለሆነ ጉብታ የሚሠራው አስቀድሞ አደጋ ለደረሰበት ቦታ ነው፤ የደረሰ ነገር ካለ አምጡልኝ፣ እኔም ይዤው ወደ በላይ እወጣለሁ ብሎ ሸኛቸው። ጀብሪል ይህን ነግሮኝ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ተቀመጠ። ውጭ ዝናቡ ብቻ ነበር የሚናገረው።

የፈርሂያን ነገር ሰምቻለሁ። መልካም ልጅ ናት። ክረምት የሽማግሌ ጊዜ አይደለምና ከመስቀል ወዲያ እናየዋለን።

ለጡንቻና ለአጥንት የሚቀባ ደህና ቅባት ካለ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ። ለአንዲት ጎረቤቴ ነው።

ሰሞኑን የማየው ህልም አንድ ዓይነት ነው። ጉም ውስጥ ቆሜ የሞተር ድምፅ እሰማለሁ። ይመጣል፣ ይመጣል፣ ግን አይደርስም። ይህንን እንኳ አትፍቺልኝ።

ደህና ሁኚልኝ፤ ስትተኚም ስትነቂም።
ሰብሌ


ማስካት
መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብሌ፤

እንኳን ለመስቀል በዓል አደረሰዎ። ቅባቱን ወደ አገር በገባች ልጅ እጅ ልኬያለሁ፤ ፊርደውስ ተቀብላለች። ለጎረቤት ብለዋል፤ ይሁን።

ብዙ ቀን ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀምጬአለሁ። አሁንም ቃሌ ከሻከረ ያሳደገኝን አፍ ልቆጣ ብዬ እንዳልሆነ ይወቁልኝ።

ረመዳን እንደ በፊቱ አይደውልልኝም። ሲደውልም ድምፁ ሩቅ ነው፤ ከጉድጓድ የሚያወራ ይመስላል። ምን ሆነሃል ስለው ደክሞኛል ይላል። ሰሞኑን አጥብቄ ብይዘው ሾፌሮቹ በሙሉ ስጋት ላይ እንደሆኑ፣ ከበሩ ሊያስነሷቸው ፊርማ እየተሰበሰበ እንደሆነ፣ ፊርማውንም የሚያሰባስቡት አክስታችን እንደሆኑ ነገረኝ። አንቱን ግን አልወቀሰም። እኔ ስወቅስዎ እንኳ ተዪ፣ እሳቸውን አትናገሪያቸው ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ይህ ነው የገረመኝ።

እትዬ፣ መናኸሪያው ውስጥ ገብቶ ተራ ሲጠብቅ ቢውል ምን ይተርፈዋል? የሰው እናት አጥቤ፣ የሰው እናት አብልቼ፣ የእናቴን ቀብር በስልክ ሰምቼ ያቆምኩት መኪና ነው። ልጆቹ አይጠበቁ አላልኩም። ግን ከሠርጉ ከኒካው በኋላ ቢሆን ምን አለ? የፈርሂያ አባት መኪናው ከቆመ ልጅ ይሰጣል? ሽማግሌውም መስቀል አለፈ፣ አልሄደም። አንቱ ቃልዎን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም።

በህልሜ እንኳ ቤታችን መታየት ትቷል። ባሕሩን ብቻ ነው የማየው።

ያሉበትን ሁኔታ ባውቅ ደስ ይለኛል።
አሚራ


መካነ ሰላም
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሚራ፤

ይህ ደብዳቤ በረመዳን እጅ አልመጣም። ጀብሪል ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ደሴ ሲወርድ ራሱ ለፊርደውስ ይሰጣታል። ስለዚህ ዛሬ እንደ ልቤ እጽፍልሻለሁ። ከማንበብሽ በፊት ተቀመጪ። ማንም አልሞተም። ይህን አስቀድመሽ ያዢልኝ።

ሰኔ ላይ የፈተና ሰሞን ነበር። በዚያ ጠዋት ጉሙ በረንዳዬ ድረስ ገብቶ የገዛ እጄን በጭንቅ ነው የማየው። ደወሉ ተደወለ። ጉም ሲሆን ትንንሾቹን እየያዝኩ ማሻገር ልማዴ ነበር፤ ያን ዕለትም የጀብሪልን የመጨረሻ ልጅ ኸዲጃን ይዤ ወጣሁ። አንደኛ ክፍል ናት። ቀሚሴን በሁለት እጇ ጨብጣለች። መሃል መንገድ ስንደርስ ሞተር ሰማሁ። ጉም ውስጥ ድምፅ አቅጣጫ የለውም፤ ከፊትም ከኋላም ከሰማይም የሚመጣ ይመስላል። ረዳቱ ና፣ ና፣ ና ይላል። አንድ ሚኒባስ ለሌላው ቦታ ሊለቅ ወደ ኋላ እየመጣ ነበር። የመኪናው ነጭ ጀርባ ሲጠጋኝ ጉሙ የጠጠረ መሰለኝ። ልጅቷን ወደ አጥሩ ገፋኋት። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሰማይ ነው። ሰማዩም ጉም ነበር።

ምንም አላመመኝም። ቀዝቃዛ ጭቃ ላይ ተኝቼ የልጆች ጫማ ሲሮጥ እሰማ ነበር፤ እንደ ዝናብ። ሾፌሩ ወርዶ ጭንቅላቴን ያዘና "እትዬ" አለኝ። ፊቱ አልታየኝም። በድምፁ ነው ያወቅሁት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማውቀው ድምፅ ነው።

ገብቶሻል።

ራሱ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ አደረሰኝ። ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ትራፊኩ መጥቶ ሲጠይቀኝ ጭቃ አዳልጦኝ ነው አልኩ። ረመዳን አፉን ሲከፍት ክንዱን ጨምቄ ያዝኩትና ልጄ ነው፣ ያነሳኝ እሱ ነው አልኩ። ረዳቱም ዝም አለ። ጀብሪል ከልጁ ሰምቶ በንዴት ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። የቤተሰብ ነገር ነው፣ የእህቴን አጥንት አታስወቅሰኝ ብዬ ለመንኩት። ለእኔ ሲል ዋጠው። ቅባቱ ለማን እንደነበር አሁን ታውቂያለሽ። ምርኩዝ ይዤ መቆም የጀመርኩት በቅርብ ነው። ሽማግሌ ያልላክሁትም ለዚህ ነው። ሰዎቹ ቤት ገብቼ ስለ ልጁ ስመሰክር እግርሽን ምን ሆንሽ ቢሉኝ በሠርግ ነገር ላይ ልዋሽ ነው?

ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ያቺ ቃሌ ግን ዞራ በሩ ላይ ቆመች። መዝገቡ ባዶ የሆነው በእኔ ምክንያት ነው። ጀብሪል ቆቡን አውልቆ ዝም ያለው ለዚያ ነበር። አቶ ይሄነው አደጋ አምጡልኝ ይላል፤ አደጋው እኔው ቤት ተኝቷል።

ረመዳን ማታ ማታ ይመጣና ከበሩ ሳያልፍ ደፉ ላይ ይቀመጣል። እንጨት ይፈልጥልኛል፣ ውኃ ያመጣልኛል። ስለዚያ ጠዋት አንድም ቀን አላወራንም። በማግስቱ ደግሞ እዚያው በር ላይ ተሰልፎ ይጭናል። አልፈርድበትም። የቆመው ሁሉም በቆመበት ቦታ ነው፤ ብቻውን ቢነሳ ቦታውን ሌላው ይይዘዋል። ጉሙ ለሁሉም አንድ ነው። ዛሬ የእኔ እግር ሆነ፤ ነገ የማን ልጅ እንደሚሆን አላውቅም።

ኅዳር ላይ ስብሰባ ተጠርቷል። ወላጆችም ሾፌሮችም እንገባለን፤ የትራፊክ ፖሊስም ከበላይ የሚመጡ ባለሙያዎችም አሉ። ዝም ካልኩ በሩ እንዳለ ይቀራል። ከተናገርኩ የረመዳንን መንጃ ፈቃድ፣ ምናልባትም ፈርሂያን፣ ምናልባትም አንቺን አጣለሁ። ካንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም። ምን ላድርግ?

ሰብሌ


ማስካት
ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ ሰብሌ፤

አፉ ይበሉኝ። ያለፈውን ደብዳቤዬን ያቃጥሉልኝ።

የእርስዎን ያነበብኩት ባሕሩ ዳር ነው። አንብቤ ስጨርስ ኡሚ ፊቴን አይተው ማን ሞተብሽ አሉኝ። በተሰባበረው ዐረብኛዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። ባሕሩ መጥቶ ይመለሳል፣ መጥቶ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ የጠየቁኝ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ልጅቷ ነበር፤ ቀሚስ የያዘችው ልጅ አሁን መንገዱን የሚያሻግራት ማነው አሉኝ።

ረመዳን ጋ ደወልኩ። አውቄዋለሁ አልኩት። ከዚያ እንደ ልጅነቱ አለቀሰ። ከሰኔ ወዲህ በእንቅልፉ ሁሌ ወደ ኋላ ነው የሚነዳው አለኝ፤ ፍሬኑን ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። አልተቆጣሁትም። ወንድሜ፣ ያንን መኪና ሰው እንዲያደርስ ብዬ ገዛሁት፤ አደጋ አደረሰ፤ አሁን ደግሞ እውነቱን አድርስበት አልኩት።

እትዬ፣ ይንገሯቸው። ወጣትነቴ ለአንድ ሰሞን ግቢ ውስጥ ቢቆም አይሞትም። ፈርሂያም እውነቱን ሰምታ ከመጣች ትምጣ፤ ሳትሰማ ከምትመጣ ግን ትቅር። እኔን አያጡኝም። የት ሄጄ?

እግርዎን በሩቁ ስሜያለሁ።
ልጅዎ አሚራ


መካነ ሰላም
ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለአሚራ፤

የነገው የልደት ጌታ የልብሽን ይሙላልሽ፤ ያንቺም ዱዓ አይለየን። ዛሬ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፣ በረንዳዬ ላይ። ውርጩ ከሣሩ ላይ እየተነሳ ነው። አየሩ ጠርቶ ማዶ ያለው ገደል ድረስ ይታያል።

መልስሽ በደረሰ ማግስት ረመዳን መጣ። ያን ቀን ደፉ ላይ አልተቀመጠም፤ ገባ። ወንበር ሰጥቼው መሬቱን መረጠ። ፎጣ ላይ ያሳረፍኩትን እግሬን ብዙ አየው። በስብሰባው እናገራለሁ አለኝ። አብረን ነው አልኩት፤ ያጠፋነው አብረን ነውና።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወላጅ በአንድ ወገን፣ ሾፌር በሌላው ወገን፣ መሃሉ ላይ ሰው የማይረግጠው ባዶ ቦታ። አቶ ይሄነው መዝገቡን ይዞ ቆመ። እንደ በፊቱ በትህትና፣ ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በቦታው የተመዘገበ አደጋ አለመኖሩን ተናገረ። ምርኩዜን ጨብጬ ልነሳ ስል ከሾፌሮቹ መሃል ረመዳን ቀድሞኝ ተነሳ። በባዶው ቦታ አልፎ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"አደጋ አለ" አለ። "ሰኔ ላይ እትዬ ሰብሌን የገጨኋቸው እኔ ነኝ። ጭቃ አይደለም።"

እኔም ተነስቼ እውነቱን ነው፣ ለትራፊኩ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ነበር፣ ልጄን ልሸሽግ ብዬ የሌሎችን ልጆች ሸሸግሁባችሁ አልኩ። ስቀመጥ ጀብሪል ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘኝ። ኸዲጃም አባቷ ሥር ሆና ታየኝ ነበር።

የሆነውን ሳልቀንስ ልንገርሽ። ክስ የለኝም ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ሽማግሌዎችም አስታርቀውናል። ሕግ ግን ሕግ ነው፣ መንጃ ፈቃዱ ታግዷል። የሚመለስበትን ጊዜ ቁርጥ አድርገው አልነገሩትም። ለእኔም ሐሰተኛ ቃል መስጠት እንደሚያስጠይቅ ነግረው ገሥጸው ለቀቁኝ። መኪናሽን ሌላ ሰው እየነዳው ነው፤ ከመናኸሪያው ነው የሚጭነው፤ እንደ ድሮው ቶሎ አይሞላም። ከሾፌሮቹ አንዳንዶቹ ረመዳንን አያናግሩትም። አብሯቸው ምሳ ይበላበት ወደነበረው ቤት መሄድ ትቷል። ይህ ከመንጃ ፈቃዱ በላይ እንደጎዳው አውቃለሁ፤ እሱ ግን አይናገርም።

የፈርሂያ አባት ሽማግሌ ላኩም አትላኩም አላሉኝም። ፈርሂያ ግን ራሷ መጥታ ጠየቀችኝ። እግሬን አየችና አሁንስ ያምምዎታል አለችኝ። ትንሽ አልኳት። ስትወጣ ረመዳን እንጨት እየፈለጠ ነበር፤ ቆም ብላ አንድ ነገር አለችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ሰምቼም ቢሆን አልጽፍልሽም ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ከስብሰባው በኋላ ቃሉን ጠብቋል። መኪኖቹ በሙሉ ወደ መናኸሪያው ገቡ። ለጉብታው ሲሚንቶ እስኪመጣ ብለን አልጠበቅንም፤ እነሱ ማሽንና ባለሙያ ሰጡን፣ ድንጋዩንና አፈሩን እኛ አመጣን። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ሰው አወጣ። ረመዳን ከጠዋት እስከ ማታ ድንጋይ ተሸከመ። በሦስተኛው ቀን ከሾፌሮቹ አንዱ ምንም ሳይል መጥቶ በዚያኛው ጫፍ አነሳለት። ዜብራውን ለጊዜው በኖራ ቀባነው። ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል፤ እኛም መልሰን እንቀባዋለን።

ዛሬ ጠዋት ምን እንዳየሁ ልንገርሽና ልሰናበትሽ። ፀሐይ ገና ብቅ ስትል አንድ የጭነት መኪና ከላይ ቁልቁለቱን መጣ። የማላውቀው መኪና ነው፤ ከሩቅ አገር ሳይሆን አይቀርም። ጉብታው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ እንደ እርጉዝ ላም ቀስ ብሎ ወጣ፣ ቀስ ብሎ ወረደ። እኔ እዚህ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ስንት ዘመኔ ነው፤ የሚያልፍ ሾፌር ፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ አየሁት። ጢሙ የሸበተ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"እንደምን አደሩ፣ እናቴ?" አለኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንደምን አደርክ፣ መንገዱስ እንዴት ነው አልኩት። አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነው አለኝ። ይህን ሁሉ ተባብለን ጨርሰን መኪናው ገና ከፊቴ አላለፈም ነበር።

ሰብሌ